ሀርድ ዲስኬ ምን እያለ ነው? ስማርትሞንቱልስን ሁለት ጊዜ ሞከርኩት

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ቤት አለችኝ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ በሩ ላይ ተማሪ ይሰለፋል። ሁሉም ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ያን ቫይረስ የማያውቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ አይመስለኝም። ዋናውን ኮምፒውተር ወደ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ከሚባሉት ነጻ ሲስተሞች ወደ አንዱ፣ ያዞርኩት በሱ የተነሳ ነው። የእህቴ ልጅ ጫነልኝ፣ ሊብረኦፊስ የሚባለውን መጻፊያ አስለመደኝ፣ የቫይረሱ ነገር በዚያው ተረሳ።

የዲስኩ ነገር ግን አልተረሳም። ሊኑክስ ዲስክ ሲታመም ዝም አይልም፣ ይናገራል። የሚናገርበት ቋንቋ ነው ጭንቅ።

ዛሬ የምጽፈው ያንን ቋንቋ ስለሚያስተረጉም ስማርትሞንቱልስ ስለሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም በክፉ ቀን፣ ተጠቅሜበታለሁ። አንዴ ከማያስፈልግ ወጪ አዳነኝ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ግን በአንዲት ቃል ሊሸውደኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የመጀመሪያው ዕቃ ባዘዋወርን ማግስት ነው። ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ሥር ወደ ግድግዳው አዞርነው። በነጋታው ኮምፒውተሩ መንተባተብ ጀመረ። እየተየብኩ ድርቅ ይላል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም የለም፤ ከዚያ የተየብኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝርግፍ ይላል። አጥፍቼ ሳበራው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ መስመሮች ሮጡ። በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። «ኤቲኤ1፣ ኤክሴፕሽን ኢማስክ» ብሎ ይጀምራል፣ «ፌይልድ ኮማንድ» ይላል፣ ቁጥር ይደረድራል፣ መጨረሻ ላይ «ሃርድ ሪሴቲንግ ሊንክ» ይላል። እኔ «ሃርድ» የምትለዋን ብቻ ነው ያነበብኩት። ሀርድ ዲስኩ ሞተ አልኩ።

ተሸክመን አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ልጁ ፎቶውን በስልኬ ላይ አየ። «እትዬ፣ ሀርድ ዲስኩ አብቅቶለታል። አዲስ ይግዙ፤ ዳታውን እኛ እናወጣልዎታለን» አለኝ። ዳታ ማውጫው ከዲስኩ ይበልጣል። ክዳኑን እንኳ አልፈታውም። ላስብበት ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ማታ የእህቴ ልጅ መጣ። «አክስቴ፣ ሰው ከመጠየቅሽ በፊት ራሱን ዲስኩን እንጠይቀው» አለኝ። ተርሚናል የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍቶ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ስማርትሞንቱልስ» ብሎ ጻፈ። (እኔ እዚህ በፊደላችን እጽፈዋለሁ እንጂ ስትተይቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።) ትንሽ ነገር ናት፤ በሞባይል ዳታ ወዲያው ወረደች። ቀጥሎ የፕሮግራሙን ዋና ትእዛዝ፣ «ሱዶ ስማርትሲቲኤል ሰረዝ ኤ» እና የዲስኩን ስም፣ ማለትም «ዴቭ ኤስዲኤ»። ስክሪኑ በሰንጠረዥ ተሞላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀርድ ዲስክ በሆዱ የራሱን የጤና መዝገብ ይይዛል። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቦታ ማንበብ እንዳቃተው ይጽፋል። መዝገቡ ስማርት ይባላል። ስማርትሞንቱልስ የራሱን ፍርድ አይሰጥም፤ ያንን መዝገብ አውጥቶ ያሳያል። ፕሮግራሙን በ2002 የጀመረው ብሩስ አለን የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። ሥራው ከህዋ የሚመጣ የስበት ሞገድ ማደን ነው። ለዚያ ሥራ ብዙ ኮምፒውተር አብሮ ያስሮጣል፣ ብዙ ኮምፒውተር ባለበት ደግሞ በየጊዜው አንዱ ዲስክ ይሞታል። በሽታው የኔው በሽታ ነበር ማለት ነው፤ የሱ በዛ እንጂ።

ሰንጠረዡ ረጅም ነው፤ ሃያ ምናምን መስመር። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አንገቴን ደፋሁ። ልጁ ግን በጣቱ አራት ቦታ ብቻ ጠቆመኝ። (ቁጥሩ የመስመሩ መለያ ነው እንጂ ተራው አይደለም።) መስመር 5፦ ዲስኩ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተካቸው ቦታዎች። መስመር 197፦ ማንበብ አቅቶት ገና ያልወሰነባቸው። መስመር 198፦ ራሱን ሲፈትሽ ያላነበባቸው። መስመር 199፦ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መንገድ ላይ የተበላሸ ዳታ። የኔ 5፣ 197 እና 198 ዜሮ ናቸው። 199 ግን 1312 ይላል።

ከዚያ ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ የሊኑክስን ማስታወሻ ከፈተ። እኔ ፎቶ ካነሳኋቸው መስመሮች መሀል አንዷ ላይ «አይሲአርሲ» የምትል ቃል አለች። ቁልፏ እሷ ናት። አይሲአርሲ ካለ ደብዳቤው በደንብ ተጽፏል፣ ፖስተኛው ነው ጭቃ ላይ የጣለው። በሷ ፋንታ «ዩኤንሲ» ቢል ኖሮ ደብዳቤው ራሱ አይነበብም ማለት ነበር። ዝቅ ብሎ ደግሞ 6.0 ጊጋቢት መሆን የሚገባው መስመር ወደ 1.5 ወርዷል። ሊኑክስ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆንበት ፍጥነት ይቀንሳል።

ክዳኑን ፈታነው። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ቀዩ የሳታ ገመድ ጎኑ ላይ ተጣጥፎ ጉብ ብሏል። ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳው ስንገፋ እኛው ነን ያጠፍነው። ጓዳ ከተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ገመድ ነቅለን ቀየርነው። መንተባተቡ በዚያው ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገመዱ ከተቀየረ በኋላም 199 ያው 1312 ነው። ወደ ኋላ አይመለስም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እየከፈትኩ አየዋለሁ፣ ያው 1312። ልጁ ሳቀብኝ። «መጨመር ካቆመ ድኗል» አለ። መድኀኒቱ ቆሻሻውን አያጠፋም፣ አዲስ እንዳይመጣ ያደርጋል።

በዚያ ጊዜ ብጽፍ ኖሮ ከ5 ኮከብ 5 ሰጥቼ እዘጋው ነበር።

ሁለተኛው የሆነው ሰኔ ላይ ነው፣ ሰው በተሰለፈበት ሰዓት። አንዲት ተማሪ አጠገቤ ቆማለች። የመመረቂያ ጽሑፏን ገጽ ቁጥር እያስተካከልኩ «ሴቭ» ስል እምቢ አለ። ፋይሉ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም አለኝ። ሌላ ቦታ ላስቀምጠው ስል ያም እምቢ። ኡቡንቱ ዲስኩ ላይ ስህተት ሲያይ እንዲህ ያደርጋል፤ የባሰ እንዳይመጣ መጻፉን ይዘጋዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ያደረግኩት ማጥፋትና ማብራት ነው። አልተነሳም። «ኢኒትራምኤፍኤስ» የምትል ቃልና ብልጭ ድርግም የምትል መስመር። ከላይዋ ደግሞ ኤፍኤስሲኬን፣ ማለትም የፋይል መዋቅር መጠገኛውን፣ በእጅህ አስኪድ የሚል ትእዛዝ።

ደግነቱ ልጅቷ ፍላሽዋ ላይ የጠዋቱ ቅጂ ነበራት። የሌሎቹ 40 ተማሪዎች ግን ዲስኩ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ለሥራ ሐዋሳ ነበር። ደወልኩ። «ኤፍኤስሲኬ አድርጊ ይላል፣ ላድርግ?» አልኩት። «አክስቴ፣ እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ። የሚሞት ዲስክ ላይ ጥገና ማስኬድ የታመመን ሰው ተራራ ውጣ እንደማለት ነው አለኝ። ጥገናው ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ሲጽፍ የቀረውንም ሊያበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ማወቅ፣ ቀጥሎ መቅዳት፣ ጥገና ከዚያ በኋላ።

ከዓመት በፊት ሲስተምሬስኪው የሚባለውን ሊኑክስ በአንድ ፍላሽ ላይ አድርጎ መሳቢያዬ ውስጥ ትቶልኝ ነበር። ለእንዲህ ያለ ቀን የተሠራ ነው፤ ስማርትሞንቱልስ አብሮት አለ። በፍላሹ አስነሳሁትና ስማርትሲቲኤልን ጠራሁት። ከሰንጠረዡ በላይ፣ ብቻውን፣ እንዲህ ይላል፦ የጤና ምርመራ አጠቃላይ ውጤት፣ «ፓስድ»።

አለፈ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እንግዲያው ጥፋቱ የኡቡንቱ ነው፣ ፎርማት አድርጌ ልጫነው ብዬ ልቤ ተነሳ። ለልጁ በስልክ ነገርኩት። «ፓስዱን ተይው፤ 197 ስንት ይላል?» አለኝ። 136። «5ስ?» 48።

ለካ ፓስድ ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም። በሰንጠረዡ እያንዳንዱ መስመር ላይ ፋብሪካው ያስቀመጠው የመውደቂያ ነጥብ አለ፤ «ትሬሽ» ይባላል። የመስመሩ ነጥብ ከዚያ እኩል ወይም በታች ሲሆን ብቻ ነው ዲስኩ ወደቅኩ የሚለው። የኔን መስመር 197 ጠጋ ብዬ አየሁት። ነጥቡ 100፣ መውደቂያው 000። 136 ቦታ ማንበብ አቅቶት እንኳ ነጥቡ ከ100 ንቅንቅ አላለም። መውደቂያው ዜሮ የሆነ ፈተና ማን ይወድቃል? እኛ ሰፈር ቢሆን ሁሉም ይመረቅ ነበር።

ይህ የኔ ብሶት ብቻ አይደለም። ጎግል በ2007 ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮቹን ተከታትሎ ያገኘውን አሳትሟል። ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 56 ከመቶው፣ ዋና ዋና በሚባሉት የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም ሳይጽፉ ነው የሞቱት። በሌላ በኩል ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ የመጀመሪያውን ስህተት ካገኘ፣ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ካላገኘው በ39 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ዝም ያለውን ዲስክ አትመኑት፤ የተናገረውን ግን እመኑት። የኔው ደግሞ እየጮኸ ነበር።

ለማረጋገጥ አጭሩን ፈተና አዘዝኩት፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። «ኮምፕሊትድ፣ ሪድ ፌይለር» አለኝ፣ ገና 90 ከመቶው ሳይነካ። ረጅሙ ፈተና ሰዓታት ይፈጃል፤ ለታመመ ዲስክ እሱን መጫን ጭካኔ ነው፣ ተውኩት።

አዲስ ዲስክ ልገዛ ወጣሁ። ፍላሼን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው የሄድኩት። ሻጩ 2 ቴራባይት «አዲስ፣ ያልተነካ» አለኝ። በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በፍላሼ እንዲያስነሳልኝ ለመንኩት። እየሳቀ እሺ አለ። መስመር 9 የሠራበት ሰዓት ነው። 21460 ይላል። ካልኩሌተር አወጣሁ፤ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ፣ ሌት ተቀን። «እትዬ፣ ፋብሪካ ሲፈትሹት ነው» አለኝ። ሁለት ዓመት ፈተሹት! ሌላ ሱቅ ሄጄ 0 ሰዓት የሚል ገዛሁ። ስማርትሞንቱልስ በዚህች ብቻ የሚወደድ ፕሮግራም ነው።

መቅዳቱ የስማርትሞንቱልስ ሥራ አይደለም። ዲዲሬስኪው የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፣ አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈው። እሱም ሲስተምሬስኪው ውስጥ አለ። ኡቡንቱ ላይ ስትጭኑት የጥቅሉ ስም ፊቱ ላይ «ጂ» አለው፣ ጂዲዲሬስኪው። ትእዛዙ ግን ያለ ጂ ነው። እዚህ ላይ ስንት ሰው እንደተደናበረ እገምታለሁ፣ እኔን ጨምሮ።

የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። ትእዛዙ ውስጥ መጀመሪያ ምንጩ፣ ቀጥሎ መድረሻው ይጻፋል። ብትገለብጡት ባዶው በሙሉው ላይ ይገለበጣል፣ አለቀ። ሁለቱ ዲስኮች ደግሞ «ኤስዲኤ» እና «ኤስዲቢ» ናቸው፤ ማን ማን እንደሆነ ከውጭ አይታይም። በስማርትሲቲኤል የሁለቱንም ሴሪያል ቁጥር አየሁ፣ ዲስኮቹ ላይ ከተለጠፈው ጋር አመሳከርኩ። የጥረዛ ፕላስተር ቆርጬ አንዱ ላይ «ታማሚ»፣ ሌላው ላይ «አስታማሚ» ብዬ ለጠፍኩ። አዲሱን ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ አሠራር ፎርማት አድርጌ የታማሚው ሙሉ ቅጂ በአንድ ትልቅ ፋይል እንዲቀመጥበት አደረግኩ። ኤንተር ስጫን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኮምፒውተሩን ከነዩፒኤሱ ቤቴ ወስጄ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀመርኩ። ዲዲሬስኪው ብልህ ነው። ክፉ ቦታ ሲገጥመው እዚያ ግብግብ አይገጥምም፣ ዘሎ ያልፈዋል። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ከዚያ ተመልሶ የቀረውን ይቆነጥራል። የሄደበትን ሁሉ በአንዲት ትንሽ የካርታ ፋይል ይጽፋል። የዚህችን ካርታ ጥቅም ያወቅኩት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ነው። ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ሲል ነቃሁ። ኮንትሮልና ሲን ተጭኜ አቆምኩት፣ አጠፋሁት፣ ተኛሁ። 11 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ከነካርታው ጻፍኩ። ካቆመበት ቀጠለ። በሌላ መንገድ ቢሆን ከዜሮ ነበር።

ታማሚው አንዳንዴ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ያኔ ፍጥነቱ ከ100 ሜጋባይት ወደ ምንም ይወርዳል። ቡና አፍልቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጨረሰ፦ 99.99 ከመቶ ተርፏል። ያልተነበበው ሁሉ ተደምሮ 1 ሜጋባይት አይሞላም። ኤፍኤስሲኬን ያስኬድነው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱንም በቅጂው ላይ፣ ልጁ ከሐዋሳ በስልክ እየመራኝ። አርባዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎች በሙሉ ተከፈቱ። የተጎዳው የጎረቤቴ ልጅ የክርስትና ቪዲዮ ነው፤ ቄሱ ሕፃኑን ሊያነሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ይቆማል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ ያቺ ፓስድ የምትል ቃል። ፕሮግራሙ ዲስኩ ያለውን ነው የሚደግመው፣ ይገባኛል። ግን ከላይ ብቻዋን ቆማ ስትታይ እንደኔ ያለውን ሰው ታሳስታለች። ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡ ምን እንደሚያስፈራና ምን እንደማያስፈራ አይለይም። በአንዳንድ ብራንድ ዲስኮች መስመር 1 ላይ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ይታያል፣ ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው፤ አቆጣጠሩ ነው እንዲያ። ያንን አይቶ ደህና ዲስክ የጣለ ይኖራል። ሦስተኛ፣ በዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ ያለ ዲስክ አንዳንዴ አይታየውም፤ «ሰረዝ ዲ ሳት» ብላችሁ ትረዱታላችሁ፣ አንዳንዱ ሳጥን እንደዚያም ተብሎ እምቢ ይላል። አራተኛ፣ ስማርትዲ የሚባለው ዘበኛው በየ30 ደቂቃው ዲስኩን ይቃኛል፤ ጥሩ። ችግር ሲያገኝ ግን ማስጠንቀቂያውን በኢሜይል ነው የሚልከው። የኔ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይል መላኪያ አልተሰናዳም። ዘበኛው ይጮኻል፣ የሚሰማው የለም።

ተርሚናል የሚያስፈራችሁ ኡቡንቱ ላይ «ዲስክስ» የሚል ፕሮግራም አለ። በመዳፊት ተጭናችሁ ያንኑ መዝገብ ታያላችሁ። ለዕለት ተዕለት እሱ ይበቃል። ኤንቪኤምኢ የሚባሉትን አዲሶቹን፣ የሚሽከረከር ነገር የሌላቸውን ዲስኮችም ስማርትሲቲኤል ያነባል፤ የእነሱ መዝገብ አጭር ነው፣ ስንት ከመቶ እንዳለቀ በቀጥታ ይነግራል፣ ከሀርድ ዲስኩ ይልቅ ለሰው ይቀርባል።

ነጥቤ፦ ስማርትሞንቱልስ ከ5 ኮከብ 4። አንዷን ፓስድ ወስዳዋለች። ዲዲሬስኪው 5።

ካሸሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የጥረዛ ካርቶን ለጥፌያለሁ። በየሰኞው ጠዋት ሱቁን ስከፍት አራቱን ቁጥሮች እጽፍበታለሁ፣ ከነቀኑ። ተማሪዎች ሎተሪ ይመስላቸዋል። የአዲሱ ዲስክ የዛሬው 0፣ 0፣ 0፣ 0 ነው። «ታማሚ»ን የእህቴ ልጅ ፊልም ልጫንበት ብሎ ወሰደው። ፕላስተሩን ግን አላስነሳሁትም።